ኒትሮ ሞተር ሲግል ሚኒሞው አልወርድ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል

አቧራ ለባሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ በሪሞት የምትነዳ 1/8 ባጊ (ከእውነተኛው መኪና ስምንት ጊዜ ያነሰች ሞዴል) ናት፤ ሞተሩ 3.5 ሲሲ፣ ካርቡራተሩ ተንሸራታች፣ ማስነሻው የገመድ ነው። ነዳጁ 25 በመቶ ኒትሮ ያለው ነው። ሞተሩ እስካሁን 12 ሊትር ገደማ አቃጥሏል።

ቀዝቃዛ ሆኖ በአንድ ሁለት ጉተታ ይነሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ የሚዞርበት) ደህና ነው። ከጋለ በኋላ ግን ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ስለቅ ድምፁ አይወርድም። ለ4 ወይም ለ5 ሰከንድ እንደጮኸ ይቆይና ወይ ቀስ ብሎ ይወርዳል ወይ ድንገት ቀጥ ይላል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሙቀት ካንዴላው ሥር ሲለካ 138 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሦስት ታንክ ነዳጅ ሁለት ካንዴላ ተቃጥሏል።

የሞከርኩት፦ ዝቅተኛውን መርፌ (በሚኒሞ ጊዜ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነውን) አላላሁ፣ ማለትም ነዳጅ ጨመርኩ። ቀዝቃዛ ሳለ ጭሱ በዛ፣ ነዳጅ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ሲግል ግን ያው ጩኸት ይመለሳል። ከፍተኛውን መርፌ (በከፍተኛ ዙር የሚመጥነውን) ሩብ ዙር አላላሁ። ሙቀቱ ወደ 125 ወረደ፣ ጉልበቱም አብሮት ወረደ፣ ሚኒሞው ላይ ለውጥ የለም። ዛሬ የተስተካከለው ነገ አይሠራም።

ጥፋቱ የመርፌ ነው፣ የካንዴላ ነው ወይስ ፒስተንና ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) አልቀዋል?


ሚኒሞ ጠባቂ፦

መርፌውን ለጊዜው ተወው። «ዛሬ የተስተካከለው ነገ አይሠራም» ያልከው ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ የመርፌ ጥፋት እንዲህ አይዋዥቅም። እኔ ብሆን ሞተሩ ከካርቡራተሩ አፍ ሌላ በሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሁለት ምት ሞተር አየርና ነዳጁን መጀመሪያ የሚስበው ክራንክሻፍቱ ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል ነው። ነዳጅ ስትለቅ የካርቡራተሩ በር ወደ አንድ ሚሊሜትር ይጠባል፣ ሞተሩ ግን ገና በከፍተኛ ዙር ላይ ነው፤ ስለዚህ ከውስጥ ያለው መሳብ ይበረታል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ በአንዲት ስንጥቅ የሚሾልከው አየር ከዋናው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። በሩ ሲጠብ ግን ያችው ስንጥቅ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ነዳጁ ያንሳል፣ ዙሩ አልወርድ ይላል። ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል። 138 ዲግሪውም፣ የተቃጠሉት ካንዴላዎችም ከዚሁ ጋር ይገጥማሉ።

ዝቅተኛውን መርፌ ማላላትህ ለምን እንዳልረዳም ከዚህ ይገባሃል። በመርፌ የምትመጥነው ነዳጁን ነው፣ ሾልኮ የሚገባውን አየር የሚመጥን ቪቴ የለም።

ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር አስተውል። ችግሩ ታንኩ ሙሉ ሳለም ይታያል? ወይስ ነዳጁ ወደ ማለቁ ሲል ነው የሚብሰው? ወደ መጨረሻው ከባሰ ጥርጣሬው ወደ ታንኩ፣ ወደ ግፊት ቱቦውና ታንኩ ውስጥ ወዳለው ማጣሪያ ይዞራል። ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ከሆነ ሞተሩ ላይ ነው።

ቱቦና ታንክ፦ ቱቦዎቹን ነቅለህ እያጠፍክ እያቸው። የሚበሱት ቻሲውን በሚነኩበት ቦታና አፉ ላይ በተሰኩበት ጫፍ ነው። ጫፉ ከላላ 5 ሚሊሜትር ቆርጠህ መልሰህ ስካው። ከዚያ ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን የታንክ መውጫ ዝጋ፣ ታንኩን ውሃ ውስጥ ክተት፣ ከማርሚታ በሚመጣው የግፊት ቱቦ በስሪንጅ አየር ስጠው። በአፍህ አትንፋ፣ ሜታኖል መርዝ ነው። አረፋ ከክዳኑ ዙሪያ ከወጣ የክዳኑን ጎማ ቀይር።

ሞተሩ፦ ከመኪናዋ አውርደው፣ ካንዴላው እንደተገጠመ ይሁን። የጭስ መውጫውን በጎማ ቁራጭ ድፈነው፣ የካርቡራተሩን አፍ በጎማ ወታፍ ዝጋ፣ የውስጡን በር ግን ግማሽ ያህል ክፈተው። የነዳጅ መግቢያው ላይ ቱቦና 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሰክተህ ሞተሩን ውሃ ውስጥ ክተትና በቀስታ ግፋ።

ብዙ ሰው የሚስተው የፒስተኑን ቦታ ነው። ክራንክሻፍቱ ላይ ያለው መስኮት ለካርቡራተሩ የሚከፈተው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲሆን ነው። ፒስተኑን ታች አድርገህ በካርቡራተር በኩል ብትነፋ አየሩ መስኮቱ ላይ ይቆማል፣ የኋላ ክዳኑ ቢያፈስም አታየውም። ስለዚህ ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ አድርገህ ጀምር፦ የካርቡራተር አንገት፣ የመርፌዎቹ ሥር፣ የኋላ ክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ የፊት ኩሽኔታ በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። ሁለተኛውን ዙር ፒስተኑን ታች አድርገህ፣ አየሩን በጭስ መውጫ በኩል ሰጥተህ ቴስታታውንና የካንዴላውን ሥር እይ።

ከፊት ኩሽኔታው ጥቂት ደቃቅ አረፋ ቢወጣ አትደንግጥ። ከሌላው ቦታ አንዲት አረፋም መውጣት የለባትም።


ካሚቻ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ ላይ ልከራከር።

ክርክሩ ውሃው ላይ ነው። ሞተርን ውሃ ውስጥ መንከር ለኋላው ኩሽኔታ አይበጅም። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ በቀለም ብሩሽ መገጣጠሚያዎቹን ቀባና ንፋ፤ አረፋው እዚያው ቦታው ላይ ይነፋል። የፊት ኩሽኔታውን ሳሙና አታስነካው፤ እዚያ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃል። በነገራችን ላይ ከፊት በኩል አየር የሚያግደው ዋናው ነገር ኩሽኔታው አይደለም፣ በክራንክሻፍቱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ነው። ስለዚህ አረፋው ከዚያ እየተንዶቀዶቀ ከወጣ ኩሽኔታ ቀይሮ መገላገል ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ፒስተኑ። የነዚህ ሞተሮች ካሚቻ ናስ ነው፣ ውስጡ ክሮም ተለብጧል፤ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የለውም። ካሚቻው ወደ ላይ ጠበብ ይላል። ናስ በሙቀት ከፒስተኑ አሉሚኒየም የበለጠ ስለሚሰፋ ቀዝቃዛ ሳለ ጫፉ ላይ ይነክሳል፣ ሲግል ልክ ይሆናል። ንክሻው ሲያልቅ ደግሞ ቀዝቃዛ ሳለ ደህና መስሎ ይነሳል፣ ሲግል እመቃው ይጠፋል። የዚህ ምልክት ከጋለ በኋላ ጠፍቶ አልነሳም ማለቱ፣ ቴስታታው ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት ወይም 20 ደቂቃ ሲያርፍ ግን መነሳቱ ነው። አንተ ጋር ዋናው ቅሬታ ዙሩ አለመውረዱ ነው፣ ስለዚህ ፒስተኑን ገና አልከስሰውም።

ማረጋገጡ ግን ቀላል ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን አውጥተህ ቮላኖውን (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ጎማ መሳይ ብረት) በጣትህ አዙር። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያዝ ማድረግ አለበት። ያለምንም ንክሻ ሾልኮ ካለፈ አልቋል። ቀጥሎ ፒስተኑን ታች አድርገህ በጭስ መውጫው በባትሪ እይ፦ የካሚቻው ግድግዳ እንደ መስታወት መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት የአቧራ ሥራ ነው። ክሮሙ ተልጦ ቢጫው ናስ ከታየህ ማስተካከያ የለውም፣ ካሚቻና ፒስተን አብረው ይቀየራሉ።

የኋላ ክዳኑን ከከፈትክ አይቀር ቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘውን ዘንግ) ከታች ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። በፒኑ አግድም ትንሽ መንሸራተት አለ፣ እሱ ጤና ነው። ወደ ላይና ወደ ታች «ጠቅ ጠቅ» ካለ ግን ሳይሰበር ቀይረው። ሲሰበር ካሚቻውንም የሞተሩን አካልም ይዞ ነው የሚሄደው።

ደግሞ ፊልትሮውን ከካርቡራተሩ ስትነቅል የአንገቱን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ ጣትህ የሚቆረቁረው ነገር ካገኘህ አየር ሳይጣራ እየገባ ነው። ስፖንጁ በፊልትሮ ዘይት ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ ሁሉም ቦታው እኩል መርጠብ አለበት፤ አንገቱ ደግሞ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። ደረቅ ስፖንጅ ከወንፊት አይሻልም። 12 ሊትር ፊልትሮው ለተጠበቀ ሞተር ዕድሜ አይደለም፣ ፊልትሮው ለተረሳ ግን ከበቂ በላይ ነው።


ፕላቲነም፦

የተቃጠሉትን ካንዴላዎች አልጣልካቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከማንኛውም መለኪያ በላይ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በማጉያ መነጽር ሽቦውን እየው።

ሽቦው እርጥብና የሚያብረቀርቅ፣ ጥቅሉም ቅርጹን የጠበቀ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም ልክ ነው። ግራጫ ሆኖ ውርጭ የመታው ከመሰለ፣ ጥቅሉም ተጣሞ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል። ሽቦው መሐል ላይ ተቆርጦ ዙሪያው ንጹሕ ከሆነም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ሽቦው የተደበደበ ከመሰለ ወይም ደቃቅ የብረት ፍንጣሪ ተለጥፎበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ የኋላው ኩሽኔታ መበታተን ጀምሯል፣ ቁርጥራጩ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ዳግመኛ አታስነሳው። ቮላኖውን በጆሮህ አጠገብ በቀስታ አዙረው፤ የኋላ ኩሽኔታ ሲበላሽ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ይሰማል።

ካንዴላ ሲለወጥ የሚረሳ ነገርም አለ። ባለ ሮንዴላ ካንዴላ ከሆነ አሮጌዋ የመዳብ ሮንዴላ ቴስታታው ላይ ተጣብቃ ትቀራለች፣ አዲሱ በሁለት ሮንዴላ ላይ ይቀመጣል። እመቃው ይቀንሳል፣ በሥሩም ጋዝ ያፈስሳል። ቱርቦ ካንዴላ ሮንዴላ የለውም፣ የራሱ የተለየ ቴስታታ አለው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ስለ ሙቀቱ፦ የሌዘር ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ ነጸብራቁን ስለሚያነብ። ከላይ ቀጥ አድርገህ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ አነጣጥር፣ ሁልጊዜም ከአንድ ርቀት ለካ። ለአብዛኛው 3.5 ሲሲ ሞተር ከ105 እስከ 125 ዲግሪ ያለው የተለመደ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን ለማሟላት ብለህ መርፌ አታጥብቅ። በሙሉ ነዳጅ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ከኋላ ከሌለ ቴርሞሜትሩ 100 ቢያሳይህም ነዳጅ አንሶታል።

«ቴስታታው ሥር ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ጨምር፣ ይቀዘቅዛል» የሚልህ ይኖራል። አሁን አትንካው። ሺም በ0.1 ሚሊሜትር የሚጨመረው የኒትሮው መጠን ሲጨምር ወይም ሞተሩ በትክክለኛ መርፌ ላይ እያለ ካንዴላ ሲበላ ነው። አየር የሚሾልክበት ሞተር ላይ ሺም መጨመር ትኩሳት ላለበት ሰው ቴርሞሜትር እንደመቀየር ነው።


አቧራ ለባሽ፦

አመሰግናለሁ። ውጤቱ ይኸው፦

ችግሩ ታንኩ ሙሉ ሳለም አለ። ታንክና ቱቦ ደህና ናቸው። በሳሙናው ዘዴ፣ ፒስተኑ ላይ ሆኖ፣ አረፋው የካርቡራተሩ አንገት ሞተሩ ውስጥ ከሚገባበት ዙሪያ በብዛት ወጣ፤ ከዝቅተኛው መርፌ ሥርም ትንሽ አለ። የኋላ ክዳኑ ንጹሕ። የአንገቱ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ቀዝቃዛ ሳለ ንክሻው አለ፣ ካሚቻው ላይ ጭረት የለም። የካንዴላው ሽቦ ግራጫና የተጣመመ ነው፣ ፍንጣሪ የለበትም።

ኦሪንግ ብቻ ይበቃል ወይስ ሲሊኮን ልቀባ? መርፌዎቹንስ ከየት ልጀምር? ዞረው ዞረው መነሻቸው ጠፍቶኛል።


ሚኒሞ ጠባቂ፦

ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱንም ኦሪንግ ቀይር፣ የአንገቱንም የመርፌውንም። መርፌውን ከማውጣትህ በፊት እስኪቆም በቀስታ አጥብቀህ ስንት ዙር እንደነበረ ጻፍ። «በቀስታ» ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ ስታስጨንቀው የመርፌው ጫፍ ይጎዳል፣ ከዚያ ወዲያ የትም ብታቆመው አይታመንም።

ካርቡራተሩን ስትመልስ ወደ ታች በአውራ ጣትህ ተጭነህ ይዘህ ነው ማጥበቂያ ብሎኑን የምታጠብቀው። ብዙ ጊዜ ኦሪንጉ ጤነኛ ሆኖ ካርቡራተሩ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ስለታሰረ ብቻ አየር ይገባል። አዲስ ኦሪንግ በትክክል ከተጨመቀ ሲሊኮን አያስፈልገውም። ካልተማመንክ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ከውጭ ዙሪያውን እንደ ክር ቀጭን አድርገህ ቀባ፣ መጀመሪያ ቦታውን በአልኮል አጽዳ፣ 24 ሰዓት አድርቀው። ወደ ውስጥ የገባ ሲሊኮን ተነቅሎ ክራንክሻፍቱ መስኮት ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ስስት ይሻላል። ከዚያ በሳሙናው ድገመው። አረፋ ካለ ነዳጅ አትቅዳ።

መርፌዎቹ፦ ሁለቱንም የሞተሩ መመሪያ ወደሚለው የፋብሪካ ቦታ መልስ። እስካሁን ያደረግከው ማስተካከያ ሁሉ የሚሾልከውን አየር ለመሸፈን ነበር፣ ስለዚህ አይጠቅምህም። የሚኒሞ ቪቴውን በሩ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር እንዲከፈት አድርገው። አዲስ ካንዴላ ግጠም።

አስነስተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለህ ንዳና አግለው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ መርፌ ሲግል ውሸት ይሆናል።

ሁልጊዜ ከፍተኛውን መርፌ ነው የምታስቀድመው፣ እሱን ስትነካ ታችኛውም ስለሚነካ። ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስጥ። ወፍራም ጭስ ካለና ድምፁ የሚንገራገጭ ከሆነ በትንሽ በትንሹ አጥብቅ፦ ካቻቢቴው የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ቢሆን 5 ደቂቃ የምታህል ብቻ፣ ከዚያ ሁለት ዙር ንዳና አዳምጥ። ድምፁ እየጠራ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከቀጥታው ጫፍ ድምፁ ድንገት እንደመታፈን ካለ ወይም ጭሱ ከጠፋ አልፈሃል፣ ወዲያው ነዳጅ ልቀቅና 10 ደቂቃ የምታህል አላላ።

ቀጥሎ ዝቅተኛው። መኪናዋን አቁመህ በሚኒሞ ላይ ሳለች ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ቱቦ ጠጋ ብለህ ቆንጥጠው። ዙሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ አላላ። 6 እና 7 ሰከንድ ከሄደ በዝቶበታል፣ አጥብቅ። የሚኒሞ ቪቴው የመጨረሻው ነው፤ ዝቅተኛውን መርፌ ካስተካከልክ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ በቪቴው አውርደው፣ ቆንጥጠህ እንደገና ፈትን።


ካሚቻ፦

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሚኒሞው እየጠፋ ሲያስቸግር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የሚኒሞ ቪቴውን መክፈት ነው። በሩ ሰፋ ይላል፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ተስተካከለ ይባላል። ዝቅተኛው መርፌ ግን ነዳጅ እንደበዛበት ነው፣ የበሩ መስፋት ደበቀው እንጂ። ምልክቱ፦ በሚኒሞ 10 ሰከንድ አቁመህ ሙሉ ነዳጅ ስጥ። በጭስ ታፍኖ ቀስ ብሎ ከተነሳ በዝቶበታል። ጭስ ሳይታይ እንደመቋረጥ ካለ አንሶታል። የበሩን ክፍተት በዓይን አትገምት፣ 1 ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ጫፍ አስገብተህ ለካ።

ደግሞ ሰርቮውን (የካርቡራተሩን በር በሪሞት የሚያንቀሳቅሰውን) እይ። ከአቧራ የደረቀ የነዳጅ ዘንግ ወይም የደከመ መመለሻ ሞላ በሩን በደንብ ካልመለሰው፣ አየር ሳይሾልክም ያው ጩኸት ይመጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ነዳጅ ስጥና ልቀቅ፣ በሩ ቪቴውን እስኪነካ ደርሶ ሲቆም በዓይንህ እይ።


ፕላቲነም፦

ከቀንህ መጨረሻ ስትወጣ ታንኩን አፍስሰህ ቱቦው ውስጥ ያለውን ሞተሩ በሚኒሞ ሆኖ አቃጥሎ ይጨርሰው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የኒትሮው ቅሪት ደግሞ አሲድ ይሆናል፤ ኩሽኔታው ላይ ዝገት የሚያወጡት ሁለቱ ናቸው። ካንዴላውን አውጥተህ አምስት ስድስት ጠብታ የሞተር ማሳደሪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ፣ ያንኑ ያህል በካርቡራተሩ ጨምር፣ ገመዱን አምስት ጊዜ ጎትት። ከዚያ ፒስተኑን ታች አድርገህ አቁመው። ሙቅ ሆኖ ጫፉ ላይ ከቆመ ካሚቻው እየቀዘቀዘ ይነክሰዋል፣ በሚቀጥለው ቀን ገመዱን የምትበጥሰው በዚያ ነው። ቮላኖው ላይ በቀለም ምልክት ብታደርግ የፒስተኑን ቦታ ሳትፈታ ታውቃለህ።

ገመዱ አልጎተት ካለ ደግሞ በጉልበት አትሳብ። ነዳጅ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ የሚታጠፈው ቢዬላው ነው። ካንዴላውን አውጣ፣ መኪናዋን ገልብጥና ነዳጁ ተረጭቶ እስኪያልቅ ጎትት። ፊትህን ከቀዳዳው አርቅ፣ የካንዴላ ማስነሻውንም ከዚያ አካባቢ አርቀው። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም።


አቧራ ለባሽ፦

ኦሪንጎቹ ተቀየሩ፣ በሳሙና አረፋ የለም። በፋብሪካው ቦታ ተነሳ፣ ከፍተኛው ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ ጠበቀ፣ ሲቆነጠጥ በ4 ሰከንድ ይጠፋል። ሙቀቱ 114። ነዳጅ ሲለቀቅ ዙሩ ወዲያው ይወርዳል። የሰርቮው ዘንግ ላይም እውነትም ትንሽ መያዝ ነበር፣ ጸድቷል።